የክት ሰዓት

ሣጥኑን የሠራልኝ እዚሁ ጅማ ያለ አናጢ ነው። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ውስጡ አራት ቦታ ብቻ አለው። "ስድስት ላድርግልህ፣ ዋጋው ያው ነው" ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩት። ትርፍ ቦታ ካለ እሱን ለመሙላት ብቻ መግዛት ይመጣል። እኔ ደግሞ የማላስረውን ሰዓት ቤት ማስቀመጥ አልወድም።

ሦስቱ ቦታዎች ከተያዙ ቆይተዋል። አንዷ ካሲዮ ኤፍ 91 ደብሊው ናት፣ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ መልኳን ሳትቀይር የምትሸጠዋ፣ በአንድ ባትሪ ወደ 7 ዓመት የምትሄደዋ። መስክ ስወጣ እሷን አስራለሁ። ሁለተኛው ሲኮ ፋይቭ ነው፣ የዘወትሬ። ሦስተኛው ትልቅ የብረት ሲቲዝን ነው፣ በብርሃን የሚሞላ፣ ውሃ የማይፈራ፣ ስፋቱ 44 ሚሊ ሜትር። አራተኛው ቦታ ግን ዓመት ሙሉ ባዶ ቆየ። ምን እንደሚገባበት የገባኝ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው።

ጓደኛዬ ሊያገባ ነውና ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንተ ነህ አለኝ። ሽምግልና ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ኮቴን ለበስኩ፣ ነጭ ሸሚዝ አደረግኩ፣ ካሉኝ ሰዓቶች ውዱ እሱ ስለሆነ ሲቲዝኑን አሰርኩ። የልጅቷ ቤተሰቦች ቤት ጅሬን ነው፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወረድ ብሎ። ቡና ተፈላ። ስኒውን በሁለት እጄ ስቀበል የሸሚዜ እጅጌ ሰዓቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ያ ሁሉ ብረት ከአባትየው ፊት ተገተረ። ቀና ብለው አዩት፣ ምንም አላሉም። እኔ ግን እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ፊት ሰዓት ማየት ነውር ነው፣ ቸኩያለሁ ልሂድ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሳላይ እንኳ ሰዓቱ ራሱ የቸኮለ አስመሰለኝ። "ተመካክረን እንነግራችኋለን" ብለው ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጡን። እንደ ወጉ ነው፣ ደስ ብሎናል። ያን ቀን ስወጣ ግን አራተኛው ቦታ ለክት ሰዓት እንደሆነ ወስኜ ወጣሁ።

የክት ልብስ እንደምንለው ነው። ለክብር ቀን የሚወጣ፣ ቀጭን፣ እጅጌ ሥር የሚገባ፣ ባለቤቱ ሲፈልገው ብቻ የሚታይ። የዚህ ዓይነት ሰዓት አባት የሚባሉትን ብናይ ትንንሽ ናቸው። የካርቲየር ታንክ ንድፍ የእ.ኤ.አ. 1917 ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው የመጀመሪያው ፓቴክ ፊሊፕ ካላትራቫ ስፋቱ ወደ 31 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፣ ያውም የወንድ። እነሱን የመግዛት ሐሳብ የለኝም። ግን ለዓይኔ መለኪያ ሆኑኝ። የእጄን አንጓ በክር ለካሁት፣ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ከ34 እስከ 37 ሚሊ ሜትር ይበቃኛል አልኩ።

መጀመሪያ ልቤን የሳበው ኦሪየንት ባምቢኖ ነበር። ጎበጥ ያለ መስታወቱ የድሮ ፎቶ ላይ የምናያቸውን ሰዓቶች ያስታውሳል። በብዛት የሚታየው 40.5 ሚሊ ሜትሩ ነው፣ 38ም አለ። ዋጋውም የሚሞከር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ፎቶውን እያየሁ አደርኩ። ያቆመኝ ሦስት ሰዓት ቦታ ላይ ያለችው የቀን መስኮት ናት።

ይሄን ነገር በሲኮዬ ዓመታት ኖሬበታለሁና በደንብ ልናገረው። የሰዓት ቀን ከ1 እስከ 31 ይቆጥራል። የፈረንጆቹን ወር ለሚከተል ሰው በዓመት 5 ጊዜ ማስተካከል ይበቃዋል፣ 31 የማይሞሉት ወሮች 5 ናቸውና። እኔ የምኖረው በእኛው ነው። ወራችን 30 ነው። ስለዚህ 12ቱም ወር ባለቀ ቁጥር 31ን ማዝለል አለብኝ። ከዚያ ጳጉሜ ትመጣለች። ጳጉሜ 5 አልፎ መስከረም 1 ሲሆን ሰዓቱ 6 ነው ይላል። ወደ 1 ለመድረስ በእንቁጣጣሽ ጠዋት 26 ቀን ወደፊት መጠምዘዝ ነው።

ሌላም አለ። ቀኑ የሚቀየረው ሰዓቱ 12 ላይ ሲደርስ ነው፣ የእነሱ 12 እኩለ ሌሊት ነውና። የእኛ 12 ግን ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። ሰዓቴን በእኛ አቆጣጠር ስሞላ ቀኑ ወይ ጎህ ሲቀድ ይገለበጣል ወይ ፀሐይ ስትጠልቅ። የንጋቱ ይስማማኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ትናንት ላይ ነኝ ማለት ነው እንጂ ስነሣ ቀኑ አዲስ ነው። የምሽቱም ቢሆን ስህተት አይደለም፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቼ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ ሐሙስ ሲመሽ የጁምዓ ሌሊት ይባላል። እዚህ አገር የቀን መጀመሪያ አንድ አይደለም። መስኮቷ ግን አንዱን ብቻ ነው የምታውቀው። የክት ሰዓቴ ይሄን ክርክር በየጠዋቱ እንዲያነሣብኝ አልፈለግኩም። ቀን የሌለው ይሁን አልኩ።

ስለ ቀን ሳስብ ቁጥሩም መጣ። አባቶቻችን የፈረንጅ አቆጣጠር ላይ የተሞላ ሰዓት ሲያነቡ ሰዓት ቆጣሪውን ትተው ትይዩውን ነበር የሚያዩት። ስምንት ላይ ከሆነ ትይዩው ሁለት ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ስለሆነ ሁሌም ቀጥታ ፊት ለፊት ይወድቃል። ልጅ ሆኜ ይሄን ሳውቅ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ ፊቱ ላይ ቁጥር የሌለው፣ በየሰዓቱ ቦታ ቀጭን መስመር ብቻ ያለው ሰዓት ስንት ሰዓት ብለህ አንብበኝ ብሎ አያስገድድም። ለእኛም ይሆናል፣ ለእነሱም። የክት ሰዓት የሚሠሩ ሰዎች ቁጥር የሚተዉት ለውበት ነው። ለእኛ ግን ከውበትም በላይ ነው ባይ ነኝ። ይሄ ሐሳብ ከመጣልኝ በኋላ ቁጥር የበዛበትን ሁሉ ማየት ተውኩ።

በመሀል አንድ ጊዜ ተታልያለሁ። ስልክ ላይ ፎቶ አይቼ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ፊት፣ "ኦሪጅናል አውቶማቲክ" የተባለ ሰዓት አዘዝኩ። ሲመጣ ሰከንድ ቆጣሪው እየዘለለ ይቆማል፣ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ። ያ የባትሪ አካሄድ ነው፣ አውቶማቲክ ግን ባትሪ የለውም፣ በእጅ እንቅስቃሴ ነው የሚሞላው። በሰዓት 21,600 ጊዜ የሚመታ አውቶማቲክ ቆጣሪው በሰከንድ 6 ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ ለዓይን የሚንሸራተት ነው የሚመስለው። ሻጩ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣም። አሁን ማንም ሲጠይቀኝ ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ ሳታይ ብር አትላክ ነው የምለው።

ባትሪን ስለናቅኩ አይደለም። የባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለችው ኳርትዝ የምትባል ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፣ በልክነት ማንም የእጅ ሙሊት አይደርስባትም። በወር አንዴ ለሚታሰር ሰዓት እንዲያውም ብልህ ምርጫ ነው፣ ሣጥን ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ልክ ነው። ባለቤቴም ይሄንኑ ነው ያለችኝ። እኔ ግን በክት ቀን ጠዋት ሸሚዝ ሲተኮስ፣ ጫማ ሲቀባ፣ ሰዓትም አብሮ እንዲሞላ ነው የምፈልገው።

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወረድኩ። አንድ በረንዳ ላይ የሚሠሩ ሰዓት ሠሪ አሉ፣ የሲኮዬን መስታወት የቀየሩልኝ።

"ጋሼ፣ ቀጭን፣ ቁጥር የሌለው፣ ቀንም የሌለው ሰዓት ይኖርዎታል?"

"ሰው ሁሉ ቀን ያለው ነው የሚጠይቀኝ። አንተ የሌለውን ምን ልታደርገው ነው?"

ስለ 31፣ ስለ ጳጉሜ ነገርኳቸው። አጉሊ መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱ። "ልክ ነህ። እኔ 30 ዓመት ሙሉ ለሰው ሳዞርለት ኖሬያለሁ" አሉኝ። ከመሳቢያ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች ሰዓት አወጡ። በደርግ ጊዜ ሩሲያ ተምሮ የመጣ ሰው ነው የሸጠልኝ አሉ። ሉች ናት፣ ሚንስክ የተሠራች። ሉች በሩሲያኛ ጮራ ማለት ነው።

ክዳኗን ከፍተው አሳዩኝ። ይሄን ሞተር አውቀዋለሁ፣ ስለ እሱ ስንት ሌሊት አንብቤያለሁ፣ በእጄ ይዤው ግን አላውቅም ነበር። 2209 ይባላል። ሙሉው ሞተር 2.9 ሚሊ ሜትር ነው ውፍረቱ፣ ሰከንድ ቆጣሪውን መሀል ላይ ይዞ። ጥርሶቹ የሚሽከረከሩባቸው 23 ትንንሽ ቀይ ድንጋይ አለው። በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል፣ በሰከንድ 5 ማለት ነው። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ በላይ ተሰማኝ፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የማያቋርጥ። ፊቷ ነጭ ወደ ክሬም ያደላ፣ መስመሮቿ ወርቃማ፣ ከታች በትንንሽ ፊደል በሶቭየት ኅብረት ተሠራ የሚል የሩሲያኛ ጽሑፍ አለ። ቅርፊቷ የወርቅ ልባጭ ነው፣ ጎኗ ላይ ትንሽ ሳስቷል። ይሄ አላስከፋኝም። አዲስ ተለብጦ የሚያብለጨልጭ ቢሆን ነበር የምጠራጠረው።

ከአንድ ወር የቤት ኪራዬ ባነሰ ሰጡኝ። ማሰሪያው የበሰበሰ ስለነበር አወለቁት። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይሄን አይጠይቅም፣ ክረምት ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ እንኳ ይሻግታል። ቡናማ የላም ቆዳ፣ 18 ሚሊ ሜትር፣ ስፌቱ የማይታይ መረጥኩ። ጥቁር ልወስድ ነበር፣ ግን ቡናማው ከኮቱም ከሀገር ልብሱም ጋር ይሄዳል። ሁለት ገዛሁ፣ አንዱ ለክረምት ማግሥት።

"ጠዋት ጠዋት ሙላት" አሉኝ። "ሲጠጥርብህ አቁም፣ አታስገድዳት። ውሃ አታሳያት። ዝናብ ከመጣ ኪስህ ውስጥ ክተታት።"

"እሺ ጋሼ።"

ባለቤቴ ማታ ስታያት መጀመሪያ ምንም አላለችም። ከዚያ ነጭ ሸሚዜን ከቁም ሣጥን አውጥታ እጄ ላይ አስጠጋችው። "ይሄኛው ይሁን" አለች። "ትልቁን ለሥራ አድርገው።"

አምስት ቀን ሞከርኳት። በቀን ወደ 40 ሰከንድ ትዘገያለች፣ ለዕድሜዋ በጣም ጥሩ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቡናው ሳይፈላ እሞላታለሁ። ማሰሪያው ገና ድርቅ ያለ ነው፣ ባለቤቴ በወስፌ አንድ ቀዳዳ ጨመረችለት።

የሁለተኛው ቀጠሮ እሁድ 8 ሰዓት ነው፣ እዚያው ጅሬን። ሰማዩ ከትናንት ጀምሮ ጠቁሯል። ጃንጥላ በር ላይ አስቀምጫለሁ፣ የኮቴን የውስጥ ኪስም ፈትሼ ቀዳዳ እንደሌለው አይቻለሁ።