ከአንኮበር ቁልቁለት እስከ ጣርማ በር፦ የበላይነት አሻራ በሰሜን ሸዋ

አንድ ኃይል በሌላው ላይ የበላይ የሚሆነው በጦር ብቻ ነው ወይስ ገንዘቡን፣ ትምህርቱን፣ መንገዱንና ጣዕሙን ሰው እንደ ራሱ አድርጎ እስኪይዘው ድረስ በማለማመድ ጭምር? ይህን ጥያቄ በንባብ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ መልሱን መሬት ላይ ለመፈለግ ግን የመረጥኩት ሰሜን ሸዋን ነው። ይህ አገር ሁለቱንም ወገን ያውቃልና፤ የሌሎችን የበላይነት ተቀብሏል፣ የራሱንም ወደ ሩቅ ልኳል።

ከአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ የተነሣው አውቶቡስ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ቆረቆሯት ደብረ ብርሃን ያደርሳል። እዚያ አድሬ በማግስቱ ወደ አንኮበር ወረድኩ።

የአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው በስተ ምሥራቅ ተራራው እየተሰበረ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ያያል። የሸዋ ነገሥታት ይህን ቦታ ለምን እንደ መረጡ ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም፤ ከባሕር የሚመጣው ሁሉ፣ ጨውም ጠብመንጃም እንግዳም፣ በዚያ ቁልቁለት በኩል መውጣት ነበረበት። እንግሊዝ በ1831 ዓ.ም. ኤደንን ከያዘች ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ ልዑክ ከቦምቤይ ተነሥቶ በታጁራ በኩል በረሃውን አቋርጦ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ፤ ኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ለአገሩ ተመሳሳይ ውል አገኘ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ የሩቅ ኃይል የዋህ ንጉሥን እንዳግባባ አድርገው ይተርካሉ፤ እኔ አልስማማም። ሣህለ ሥላሴ የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር፤ የሚፈልጉት የጦር መሣሪያና የእጅ ጥበብ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሸዋ የአንድ ገዥ ጉልበት የሚለካው ከባሕሩ በር ጋር ባለው ቅርበት ሆነ፤ ይህ መለኪያ ደግሞ የተሠራው አንኮበር ላይ አልነበረም።

የምኒልክ ዘመን ይህንኑ በጉልህ ያሳያል። ከአንኮበር በማይርቀው ልጥ ማረፊያ የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች የሳይንስ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ መሬት ተሰጣቸው፤ አሞራና ዕፅዋት የሚሰበስቡት ጂኦግራፈሮች ያስጀመሩት ወዳጅነት ግን በጣልያኑ መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ እጅ የመሣሪያና የውል ጉዳይ ሆኖ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ ተፈረመ። ከአንቀጽ 17 እስከ ዓድዋ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወስደው ቁልቁለት ጉልበት ይፈትናል። ይህች መንደር በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች፤ አርጎባው፣ ሐረሬውና አፋሩ ይገናኙባት፣ ቡናና አሞሌ ጨው ይሸጥባት፣ በአቅራቢያዋም ሰው ሳይቀር በገበያ ይሸጥ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ሳላነሣ ስለ ሸዋ የንግድ ክብር መጻፍ ሐቅን መሸሽ ይሆንብኛል። ከአሞሌው ጎን የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ ደግሞ ማርትሬዛ ነበር፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ እንኳ 1780 የሚለውን የአውሮፓ ዓመት እንደ ያዘ የሚመታ የብር ገንዘብ። ቪየና ወደ ሸዋ ወታደር ልካ አታውቅም፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ ግን መልኳ ያልጠራ ወይም ጌጧ የጎደለ ማርትሬዛ አይቀበልም ነበር። እንዲህ ያለ እምነት በአዋጅ አይገኝም። ሙሶሊኒ ራሱ ይህን ስለ ተረዳ በ1927 ዓ.ም. የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ማርትሬዛን ሮም ላይ አስመታ፤ ከወረራው በኋላ ሊሬን ሊያስለምድ ሲሞክር ሕዝቡ የሙጥኝ ያለው ብሩን ነበር። ሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ደግሞ የወረቀት ኖቱ አሜሪካ ታትሞ፣ የመንግሥት ባንክ ገዥ የነበሩት አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ፈርመውበት መጣ። የዓለም ሚዛን ከለንደን ወደ ዋሽንግተን መዞሩን ከዚህ በላይ አጭር አድርጎ የሚናገር ሰነድ አላየሁም።

በአልዩ አምባ አንድ አረጋዊ ሸማኔ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጎባ መሆናቸውን በኩራት ነገሩኝ። «ቋንቋውንስ አባባ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከአያቶቼ ሰምቻለሁ፤ አልናገረውም» አሉኝ። አርጎብኛን ከዚህ ያስወጣው የአንድ ቀን አዋጅ አይደለም። ገበያው በአማርኛ ነው፣ ዳኛው በአማርኛ ይሰማል፣ ልጁ በአማርኛ ይማራል፤ አባት ለልጁ የሚበጀውን እያሰበ በየቤቱ የወሰነው ውሳኔ ተደምሮ የአንድን ሕዝብ አንደበት ለወጠ። እኔም ይህን የምጽፈው በአሸነፈው ቋንቋ ነው፤ እወደዋለሁ፣ ዋጋውን የከፈለውን ግን መርሳት አልፈልግም።

ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ልቼ በምትባለው ቦታ በኩል አለፍኩ። መጋቢት 1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የገበሩት በልቼ ስምምነት ነው፤ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ ትተው የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸናላቸው። ፖለቲካው እዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ በሸዋና በደብረ ሊባኖስ ሥር ሰዶ የነበረው፣ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። አንድ ግዛት ግብር በመክፈል ብቻ እንደማይገባ፣ እንዴት እንደሚያምንም እንደሚጠየቅ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ ጥቂት ነው። ከዐሥር ዓመት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቆረቆሩ፤ ተገዥ የነበረው ሸዋ ማዕከል ሆነ፣ የራሱን ሥርዓትም ወደ ደቡብ ይዞ ወረደ። አንኮበር ግን ከዚያ በኋላ ማዕከል አልሆነችም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ባለው ደጋ ላይ መሬቱ ገብስ ነው። ከአንድ ገበሬ ጋር በማሳው ዳር ቆመን ስናወራ ግማሹን የቢራ ገብስ፣ ግማሹን የአገሩን ገብስ መዝራቱን ነገረኝ። «የቢራው ዋጋው ጥሩ ነው፤ ለበሶና ለጠላ ግን የራሳችንን ነው የምንወድ» አለኝ። ይህ ንግግር ብዙ አሳሰበኝ። በደብረ ብርሃን የቢራና የብቅል ፋብሪካዎች ውስጥ የአውሮፓ ኩባንያዎች ድርሻ አላቸው፤ የብቅል ገዥ ደግሞ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ፣ ፍሬው እኩል የሆነ ገብስ ይፈልጋል። ለሚበላ ሰው በጎ የሆነው ፕሮቲን ለብቅል ነውር ሆነ ማለት ነው። ገበሬው አልተገደደም፤ የተሻለ ገቢ አግኝቷል፤ ይህን ብዝበዛ ብዬ ለመደምደም አልደፍርም። ሆኖም የጥሩ ገብስ መለኪያ ከማሳው ወደ ፋብሪካው ላቦራቶሪ ተሻግሯል፤ መለኪያውን የያዘ ደግሞ ማሳውን ሳይነካ የሚዘራውን ይወስናል።

ጣርማ በር ላይ ጣልያኖች ተራራውን ሰርስረው ያሳለፉት ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በዚሁ ዋሻ አፍ ቆሜ ያሰብኩት አንቶኒዮ ግራምሺን ነበር። ገዥ መደብ በጉልበት ብቻ ሳይሆን በተገዥው ፈቃድም እንደሚጸና አብራርቶ የጻፈው ይህ ጣልያናዊ፣ በ1919 ዓ.ም. በፋሺስቶች ታስሮ ሐሳቡን ያሰፈረው በእስር ቤት ነው። የሞተው ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሲሆን፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ሁለት ወር አልፎታል፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የሚረሸኑበት ግንቦት ደግሞ ቀርቧል። እሱን ያሰረው መንግሥት በሰሜን ሸዋ ፈቃድን ማግኘት አልቻለም፤ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች አምስቱንም ዓመት አልተንበረከኩም፣ በ1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ የተጠለሉ ሰዎች ላይ የመርዝ ጋዝ የተረጨውም የፈቃዱ ማጣት ያስከተለው ነው።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ መንገዱ ግን ቀረ፣ ሕዝቡም የራሱ አደረገው። የአልዩ አምባን የሲራራ ንግድ ያዳከመው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ነበር፤ ይህ የደሴ መንገድ የቀረውን ወደ ራሱ ሳበ። ዛሬ ከሰሜን የሚመጣ ጭነት ጣርማ በርን አልፎ ወደ ዋና ከተማው ይወጣል፣ ከአልዩ አምባ ቁልቁለት ሥር የመጡ ነጋዴዎችንም ሱቅ ከፍተው ያገኘኋቸው ደብረ ሲና ላይ፣ በዚሁ አስፋልት ዳር ነው።