የወይኑ ዳገት

ቦዦሌ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን አገር ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገቱን የሚማረው ከወይኑ ነው። በዚህ ከልቤ አምናለሁ። ሊዮን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ በሙቀቱም በብርዱም እየተመላለስኩ ያረጋገጥኩት ነገር ነው። ዛሬም ከዚያው መመለሴ ነው። ሻወር ወስጄ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ያየሁት ሳይደበዝዝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አካባቢውን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ቦዦሌ ከሊዮን በስተሰሜን ይጀምራል። በምሥራቅ የሶን ወንዝ ሜዳ አለ። በምዕራብ ደን የለበሱ ተራሮች አሉ። ወይኑ ያለው በሁለቱ መሃል፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። በየራሳቸው ስም ወይን የሚሸጡት አሥሩ ቦታዎችም እዚያው ተዳፋት ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተደርድረዋል፦ ብሩዪ፣ ኮት ደ ብሩዪ፣ ሬኒዬ፣ ሞርጎን፣ ሺሩብል፣ ፍለሪ፣ ሙላን-አ-ቫን፣ ሼና፣ ዡሊዬና፣ ሴንታሙር።

ለምን ተዳፋቱ ላይ? ሜዳው ላይ ውርጭ ይተኛል፣ ውሃም ቶሎ አይወርድም። ተራራው ጫፍ ደግሞ ይበርዳል፣ ፍሬው በደንብ አይበስልም። ስለዚህ ገበሬው ወይኑን መሃል ላይ ተከለ፤ ብዙውን ፊቱን ወደ ጠዋት ፀሐይ አዞረው። መንገዱም ገበሬውን ተከትሎ መጣ። ጠባብ ነው። ትራክተር እንዲያልፍበት ነው የተሠራው። አልፕስ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚያወጣችሁ። እዚህ ግን በሁለት ማሳ መሃል ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይሄዳል። ማሳ ላለማባከን ይመስለኛል። ከሩቅ ትንሽ ጉብታ የሚመስለው ነገር ቀላሉ ማርሽ ላይ ሆነሽም ትንፋሽ ያሳጥራል።

ከፍታውን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አይገምትም። የዛሬው ትልቁ ዳገት ኮል ዱ ፉ ዳቬና ይባላል፣ ጫፉ 743 ሜትር ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ይህን ሲሰማ፣ «እሱማ ከዝዋይ በታች አይደል እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እግር የሚቆጥረው ከየት እንደተነሳ ነው። ከሶን ሜዳ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ከ500 ሜትር በላይ መውጣት አለ። ያውም ከዚያ በፊት ስንት ጉብታ ተወጥቶና ተወርዶ።

ዛሬ ከጋሼ ጋር ነበርኩ። ጋሼ የምላቸው በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ነው፤ ሊዮን ውስጥ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ብስክሌት ላይ ደግሞ እኔን የሚያስከነዱ ሰው ናቸው። ጠዋት ብስክሌታችንን ባቡር ላይ ጭነን ቤልቪል ወረድን። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ሞን ብሩዪ።

ሞን ብሩዪ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን የቆመ ተራራ ነው፣ ከፍታው 484 ሜትር። በዙሪያው ሁሉ ወይን ነው። የብስክሌት ውድድር የሚከታተል ሰው ስሙን ያውቀዋል። የፓሪስ-ኒስ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2016 እዚህ ሊጠናቀቅ ታስቦ በበረዶ ምክንያት ተሰረዘ። በ2017 ዡሊያን አላፊሊፕ እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር በሚወዳደርበት ዙር ከቦዡ ከተማ ተነስቶ አሸነፈበት። በ2024 ደግሞ ኮሎምቢያዊው ሳንቲያጎ ቡይትራጎ። የመጨረሻው ዳገት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አማካዩ ከ7 በመቶ በላይ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ከዚያ በጣም ይብሳል። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያው ላይ መፍጠን ያምረኛል። ጋሼ ከኋላ፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ ተራራው የትም አይሄድም» ይላሉ። ከዚያ ግማሹ ላይ ሳይናገሩ ያልፉኛል።

ጫፉ ላይ ትንሽ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች። ታሪኳን ሁሌም በፍቅር ነው የማስበው። በ1850ዎቹ ነጭ ዱቄት የሚመስል የፈንገስ በሽታ የአገሩን ወይን ፈጀው። ቅጠሉ ይነጣል፣ ፍሬው ይሰነጠቃል። ገበሬዎቹ በጭንቀታቸው ተራራው አናት ላይ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ በ1857 ተጠናቀቀች። የወይን ዘለላ እመቤት ይሏታል። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 ምእመናን ወደ ላይ ይወጣሉ። ጋሼ ሄልሜታቸውን አውልቀው አማተቡ። «ስለት ነው እንግዲህ» አሉ። እኛ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከብሩዪ ወርደን ቪሊዬ-ሞርጎን፣ ከዚያ ፍለሪ። ለእኔ የአገሩ እውነተኛ መንገድ ይህ ነው። ብዙ ሰው በታች ባለው ዋና መንገድ ቶሎ ያልፋል፣ ወይም ቀጥ ብሎ ወደ ተራራው ይሄዳል። ሁለቱም ወይኑን ያመልጣቸዋል። መሃሉን ተከትሎ ከመንደር መንደር መሄድ ነው የሚሻለው። ረጅም ዳገት የለም፣ ግን ረፍትም የለም። 1 ኪሎ ሜትር ትወጫለሽ፣ ትወርጃለሽ፣ ድልድይ፣ ደግሞ ትወጫለሽ። ማርሽ መቀያየር እጅ ያደክማል።

በዚህ ፍጥነት ደግሞ አፈሩ ይታያል። ሞርጎን ላይ አፈሩ ከተፈረካከሰ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ገበሬዎቹ «የበሰበሰ አለት» ይሉታል። ሞን ብሩዪ ላይ ድንጋዩ ሰማያዊ ነው፣ የቤቱ ግንብም በእሱ ነው የተሠራው። ፍለሪ ስትደርሱ ሮዝ ይሆናል፣ ግራናይት ነው። ትናንት ዝናብ ስለነበር ሮዙ አሸዋ ከማሳው ታጥቦ መታጠፊያው ላይ ተከማችቷል። የፊት ጎማዬ ሲነካው ትንሽ ተንሸራተተ። ቆሜ በጣቴ አነሳሁት። ሻካራ ነው፣ ውስጡ የሚያብለጨልጭ ነገር አለው። በየዓመቱ ከታች እየዘገነ ወደ ላይ የሚመልሰው ገበሬ እንደነበር አስቡት፤ በድሮ ጊዜ በጀርባው ተሸክሞ ነበር የሚመልሰው።

አሁን የወይን ቅርንጫፍ የሚገረዝበት ወቅት ነው። ፍለሪ አጠገብ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ሲገርዙ አየን። የዚህ አገር ወይን ብዙው አጭር ነው፤ ከጉልበት አይበልጥም። ግንዱ ወፍራም፣ ጥቁር፣ የተጠማዘዘ ነው፣ ከላዩ ጥቂት ክንዶች ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ ክንድ አንድ አጭር ቅርንጫፍ ብቻ ይተዋሉ፣ ሁለት የቡቃያ ዓይን ያለው። ሌላው ሁሉ ይቆረጣል። የተቆረጠውን ከግማሽ በርሜል በተሠራ ጋሪ ውስጥ እያነደዱ ይገፉታል። ጭሱ ቁልቁል እስከ መንገዱ ይመጣል። ሽማግሌው ቀና ብለው እጃቸውን አነሱልን፤ ወዲያው ተመልሰው አጎነበሱ። እኔ በዳገት ጀርባዬን አመመኝ ስል፣ እሳቸው ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ናቸው። በለቀማ ጊዜም እንዲሁ ነው፣ እዚህ ወይኑ በአብዛኛው በእጅ ነው የሚለቀመው።

የወይኑ ዝርያ ጋሜ ይባላል። የቡርጎኝ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ በ1395 ከግዛቱ ይነቀል ብሎ በአዋጅ ያስከለከለው ዝርያ ነው። የማይረባ ነው ብሎ። እዚህ ግራናይቱ ላይ ግን ቤቱን አገኘ። ዛሬ አንዳንድ ማሳ ባዶውን አየሁት፣ ግንዱ ተነቅሎ ዳር ላይ ተከምሯል። የወይን ሽያጭ ስለቀነሰ ብዙዎች እየነቀሉ ነው። በብስክሌት ለሚያልፍ ሰው ይህ አይሰወርም፣ ያሳዝናልም። ያ ማሳ የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት ጉልበት ነው።

ከፍለሪ ወደ ሺሩብል ዞርን። እዚህ ዳገቱ ከባድ ይሆናል። ሺሩብል ከአሥሩ ሁሉ ከፍ ያለው ነው። አደባባዩ ላይ የቪክቶር ፑሊያ ሐውልት አለ። ይህ ሰው የሺሩብል ተወላጅ የወይን ሊቅ ነበር። ሥር የሚበላ ተባይ የፈረንሳይን ወይን ሲያጠፋ፣ የፈረንሳዩን ወይን ቅርንጫፍ በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እናጣብቅ ብለው ከተከራከሩት አንዱ ነው። መፍትሔ የሆነውም ያው ነው። ሐውልቱ አጠገብ ኮዳችንን ሞላን፣ ቴምር በላን።

ከዚያ በላይ ወይኑ ያልቃል። በአንድ መታጠፊያ ዘለላ የሚያፈራው ማሳ ይቆምና ደን ይጀምራል፣ አየሩም ወዲያው ይቀዘቅዛል። ይሄኔ እኔ ተራራው መጀመሩን አውቃለሁ፣ ማርሼን አንድ አውርጄ ዝም ብዬ እረግጣለሁ። የፉ ዳቬና ጫፍ ላይ ስንደርስ አየሩ ጥርት ያለ ነበር። ወይኑ በሙሉ ከታች፣ ከዚያ የሶን ሜዳ፣ ከዚያ ማዶ ሞን ብላን ነጭ ሆኖ ይታያል። ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ፎቶ ላኩ። በማዶ በኩል ትንሽ ስንወርድ አቬና መንደር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ክርስቶስና ሐዋርያቱ የተቀረጹበት የ12ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ መንበር አለ። በብስክሌት ጫማ ገብቶ ማየት ይቻላል፣ በሩ ክፍት ከሆነ።

ወደ ቦዡ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ፍሬን ሲይዙ ጣት ይደነዝዛል። መኪናዎቹ እዚህ ጨዋ ናቸው፤ ሕጉም ከከተማ ውጭ ብስክሌት ሲያልፉ 1 ሜትር ተኩል እንዲርቁ ያዛል። ውኃ ካለቀባችሁ መቃብር ስፍራ ፈልጉ። በየመንደሩ አለ፣ ቧንቧ አለው። «አይጠጣም» የሚል ከተጻፈበት ግን ተዉት።

ቦዡ ካፌ ውስጥ ቡና ስንጠጣ ሁለት ሽማግሌ ብስክሌተኞች ከየት ናችሁ አሉን። ከኢትዮጵያ ስንል፣ «አሃ፣ ሯጮቹ!» አሉ። ጋሼ ፈገግ ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ስለተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ነገሯቸው። በ2024 በዚያው ውድድር የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደውን ኤርትራዊውን ቢንያም ግርማይን ግን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። በእሱ ጉዳይ ረጅም ጨዋታ ሆነ፣ ቡናውንም እነሱ ከፈሉ።

ቀጣዩ ወደ ሰሜን ነው። የሶሉትሬ አለት፣ ከሥሩ የፑዪ-ፉይሴ ነጭ ወይን፣ ከዚያ በቧ ክሌር ዋሻ አድርጎ ወደ ክሉኒ። ዋሻው 1.6 ኪሎ ሜትር ነው፣ ድሮ ባቡር ያልፍበት ነበር። በብርዱ ወራት ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል። ስለዚህ እስኪከፈት እንጠብቃለን። ጋሼ ከማኮን እንነሳ ይላሉ። እኔ ግን ከሴንታሙር ጀምረን በወይኑ መሃል እንሂድ ብያለሁ፣ ገና አልተስማማንም።