አዳማ ላይ የፋብሪካ መልክ ያለው ማድ ቤት እንዴት እንደሠራሁ

አዳማ የሚገኘውን ቤታችንን ሳድስ ማድ ቤቱን «ኢንዱስትሪያል» በሚባለው ስልት ለመሥራት ወስኜ ነበር። በሐሳቤ የነበረው ያልተለሰነ ግድግዳ፣ ጥቁር ብረት፣ በግላጭ የሚታይ ቧንቧና ከጣሪያ የተንጠለጠለ መብራት ነው። ይህ ስልት በኒውዮርክ ሶሆ ሰፈር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ ሠዓሊዎችና ቀራጺዎች ሥራ ያቆሙ ፋብሪካዎችንና መጋዘኖችን መኖሪያ ባደረጉበት ጊዜ የተስፋፋ ነው። ጡቡና ቧንቧው ሳይሸፈኑ የቀሩት ቦታው አስቀድሞ የሥራ ቦታ ስለነበረ መሆኑን ግን ልብ አላልኩም።

ንድፉን ለእናቴ ሳሳያት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቅርባ ካየችው በኋላ፣ «ልጄ፣ ምጣዱ የት ሊቀመጥ ነው?» አለችኝ። ለምጣዱ ቦታ አልተውኩም ነበር። በዚያው ቀን ንድፉን ትቼ ከምጣዱ ጀመርኩ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ስለሚጠጋ፣ ከሌሎቹ ሶኬቶች የተለየ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ገመዱን በግድግዳው ላይ በሚታይ የብረት ቱቦ አሳልፎ ቱቦውን ከመሬት መስመር ጋር አገናኘው። ለጌጥ ብዬ ያሰብኩት ቧንቧ በዚህ ቤት እውነተኛ ሥራ ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ትልቁ ስህተቴ መደርደሪያው ላይ ደረሰ። ከቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ ከሆነ የብረት ዘንግ) አስበይጄ፣ ቶሎ ለመጨረስ ስል አንቲረስት (ዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያ ቀለም) ሳይቀባ ጥቁር ቀለም ብቻ አስቀባሁት። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ከምጣዱ በላይ ያለውን የብየዳ መገጣጠሚያ በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ቀለሙም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር የሚነሣው እንፋሎት ክፍት በነበረው የቱቦላሬ ጫፍ እየገባ ብረቱን ከውስጥም ሲበላው ከርሟል። መደርደሪያውን አውርደን የብየዳውን ቅርፊት በግራይንደር አስወገድን፣ ጫፎቹን ሁሉ በብየዳ ዘጋን፣ ሁለት እጅ አንቲረስት ቀብተን ከደረቀ በኋላ ጥቁሩን ቀለም ደገምንበት። ከምጣዱ በላይም እንፋሎቱን ሰብስቦ የሚያወጣ የላሜራ ጃንጥላ አሠራሁ።

ያልተለሰነው የብሎኬት ግድግዳ ያምራል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ዘይት ይመጥጣል፣ የአዳማ ነፋስ የሚያመጣውንም አቧራ ይይዛል። ስለዚህ ከምድጃው ጀርባ አይዝጌ ብረት ለጠፍኩ፤ ብሎኬቱን የተውኩት ራቅ ባለው ግድግዳ ብቻ ሲሆን እሱንም ቀለም በሌለው ቫርኒሽ አሸግኩት። ክፍቱ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት በየቀኑ የሚታጠቡት ሳህኖች ናቸው፤ በርበሬውና ሽሮው በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተዋል።

የሥራ ጠረጴዛው 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ነው። መጀመሪያ የሠራነውን ፀሐይና ነፋስ ፈጥነው ስላደረቁት ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አወጣ። ሁለተኛውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን ለ7 ቀናት ውሃ አጠጣነው፤ አርማታ የሚጠበቅበትን ጥንካሬ የሚይዘው በ28 ቀን አካባቢ ስለሆነም እስከዚያ ድረስ ከባድ ዕቃ አላስቀመጥንበትም። ሎሚ ግን ሲሚንቶን ይበላል፤ አንድ ግማሽ ሎሚ አድሮበት የተወው የደበዘዘ ክብ ምልክት እስካሁን አልለቀቀም፤ ከዚያ ወዲህ የምንቆርጠው በእንጨት መክተፊያ ላይ ብቻ ነው።

አሁን የቀረኝ ከምጣዱ በላይ ያለው ጃንጥላ የማውጫ ቱቦ ጫፍ ነው፤ ነፋስ ሲበረታ እንፋሎቱን ወደ ውስጥ ስለሚመልሰው፣ ባለብየዳው በዚህ ሳምንት የላሜራ ቆብ ሊያደርግለት ልክ ወስዷል።