ለመፈረም ማደር ስንት ያወጣል?

የምሠራው በቴኒስ ውድድሮች የተጫዋቾች ዴስክ ላይ ነው። ካሜራ የሚደረደርባቸው ታላላቆቹ ጋ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን በሚመራቸው ዝቅተኛ ውድድሮች ነው። የመለማመጃ ሜዳ አስይዛለሁ፣ ኳስ አከፋፍላለሁ፣ ስም አስፈርማለሁ።

አንድ ምሽት ሁለት ልጆች ወደ ዴስኩ መጡ። ወጪ ለመቀነስ አንድ ክፍል ተጋርተው የሚያድሩ ጓደኛሞች ናቸው። በዚያው ቀን ሁለቱም የማጣሪያው የመጨረሻ ዙር ላይ ተሸንፈዋል። ረጅሙ ስልኩን አውጥቶ በማለዳ የሚነሳ የአውቶቡስ ቲኬት አሳየኝ።

«ይህን ከሰረዝኩት ገንዘቤ አይመለስልኝም። ብቆይ የመግባት ተስፋ አለኝ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዋናው ድልድል አንድ ሰው ከወጣ፣ ቦታው የሚሰጠው በማጣሪያው መጨረሻ ለተሸነፈ ተጫዋች ነው። «ላኪ ሉዘር» ማለትም ዕድለኛ ተሸናፊ ይባላል። ግን ጠዋት በአካል ተገኝቶ መፈረም ግድ ነው። ያልፈረመ ሰው ተራው የቱንም ያህል ቢቀድም አይጠራም።

ልመልስለት ስል የውድድሩ ኃላፊ የሆኑት ሱፐርቫይዘራችን ቀደሙኝ። «ስለዚህ ጉዳይ ምንም ማለት አንችልም» አሉት። ልጁ አመስግኖ ወጣ።

በማግስቱ የፈረመው አጭሩ ብቻ ነበር። ጨዋታ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው አንድ ተጫዋች ሆዱን አሞት ራሱን አገለለ። ቢኖር ኖሮ ቀድሞ የሚጠራው ረጅሙ ነበር። እሱ ግን አውቶቡስ ላይ ነው። ጓደኛው ገባ፤ የመጀመሪያ ጨዋታውንም አሸነፈ። በሚቀጥለው ዙር ቢሸነፍም ለዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ የሚቆጠር አንድ ነጥብ ይዞ ሄደ።

አንድ ነጥብ ምን ታደርጋለች? በጣም ብዙ! ጠቅላላ ሽልማቱ 15,000 ዶላር በሆነ የወንዶች ውድድር ሻምፒዮኑ የሚያገኘው 15 ነጥብና 2,160 ዶላር ነው። በነጠላ የመጀመሪያው ዙር ላይ የወደቀ 156 ዶላር ያገኛል፤ ነጥብ የለውም። ማጣሪያው ላይ የቀረ ደግሞ ሳንቲም አያይም። ከዚህ ላይ ትራንስፖርት አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ የራኬት ክር አለ። ነጥቡም ቢሆን ዕድሜው 52 ሳምንት ነው፤ ካልተተካ ይረግፋል። ከሰንጠረዡ ግርጌ ያሉት በአንዲት ነጥብ ብዙ ሰው አልፈው ይሄዳሉ። ቀጣዩን ውድድር ከማጣሪያ ወይስ በቀጥታ ከዋናው ድልድል ይጀምራሉ የሚለው በዚያች ሊወሰን ይችላል።

በቴኒስ ውስጥ ያለውን ሙስና የመረመረው ገለልተኛ ቡድን በ2018 ባወጣው ሪፖርት ፕሮፌሽናል ከሚባሉት ወደ 15,000 ተጫዋቾች ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ከ250 እስከ 350 ብቻ እንደሆኑ ጽፏል። የወንዶቹ ማኅበር ኤቲፒ በ2024 የጀመረው የገቢ ዋስትናም የታሰበው ለመጀመሪያዎቹ 250 ነው። ዴስኬ ጋ የሚመጡት ልጆች ከዚያ ቁጥር በጣም ርቀው ነው ያሉት። እነሱ ጋ የአንድ ሌሊት አልጋ ትልቅ ውሳኔ ነው።

ማታ ሱፐርቫይዘሩን አነጋገርኳቸው። ጥንቁቅና ቅን ሰው ናቸው፤ ምክንያታቸውም ባዶ አልነበረም። ማን ታመመ፣ ማን ጉዳት የሚያክመው ፊዚዮ ጋ ገባ የሚለው ለሕዝብ ያልወጣ መረጃ ነው። አቋማሪዎች የሚፈልጉት እሱን ነው፤ የፀረ ሙስና ደንቡም በጥብቅ ይከለክላል። «አንዴ አፋችን ከላላ ማቆሚያ የለውም» አሉኝ።

«ልክ ነዎት» አልኳቸው። «ስለ ማንም ጤና ትንፍሽ አንልም። ግን ልጁ የጠየቀን እሱን አይደለም። የመፈረሚያው ሰዓት፣ የተራው አወሳሰን፣ እስካሁን በይፋ የወጣው ሰው ብዛት ምስጢር አይደለም። ይህን እያወቅን ዝም ስንል የሚከፍለው እሱ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ተከራከርን። እሳቸው ለአንዱ ተነግሮ ለሌላው እንዳይቀር ፈሩ፤ ይህም ተገቢ ስጋት ነው። እንግዲያው በቃል ለማንም አንናገር፣ ሁሉም እንዲያየው ሰሌዳ ላይ እንጻፈው አልኩ። በዚህ ተስማማን። አሁን ማጣሪያው እንዳለቀ የመፈረሚያው ሰዓትና ደንቡ በትልቁ ይጻፋል። አንድ ሰው በይፋ ሲወጣ ወዲያው ይጨመራል። ቆሞ የሚያነብ ልጅ ቢያንስ በምን ላይ እንደሚወስን ያውቃል።

ሲጠብቁ የሚሰለቹትን ሳይ የአርጀንቲናዊውን የማርኮ ትሩንጀሊቲን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በ2018 ፓሪስ ላይ በሚካሄደው ታላቅ ውድድር፣ በሮላንድ ጋሮስ፣ ማጣሪያ ላይ ተሸንፎ ወደ ባርሴሎና ተመልሶ ነበር። ቦታ መከፈቱን ሲሰማ እናቱን፣ ወንድሙንና አያቱን መኪና ውስጥ ጭኖ አሥር ሰዓት ያህል ነድቶ ፓሪስ ገባ። ጠዋት ፈረመ፣ በርናርድ ቶሚችን አሸነፈ፣ 79,000 ዩሮ አገኘ። እዚህ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ገንዘብ የለም። መኪና ያለው ተጫዋችም ብዙ አይደለም።

ስለዚህ አሁን የያዝኩት ሌላ ጥያቄ ነው። የመጨረሻው ማጣሪያ ላይ ለተሸነፉትና ለመፈረም ለሚያድሩት አዘጋጁ የዚያችን ሌሊት አልጋ ይክፈልላቸው እያልኩ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሐሳቡን ወደውታል፤ በጀቱን ግን የሚወስኑት እሳቸው አይደሉም። ለአዘጋጆቹ የሚቀርበውን ደብዳቤ አብረን እየጻፍን ነው።