ሁለት ወረቀት

ጎንደር ላይ በጥብቅና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ ኑዛዜ አርቅቄአለሁ፤ ዛሬም ድረስ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ሳላረቅቀው የቀረው ነው።

ባልና ሚስቱ ፒያሳ ወዳለው ቢሮዬ የመጡት የጥምቀት እንግዳ ከከተማው ሳይወጣ ነበር። እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ካሊፎርንያ የምትኖረው ልጃቸው የላከችው፣ በዚያ አገር ባልና ሚስት በጋራ ሊያቋቁሙት የሚችሉት «ሊቪንግ ትረስት» የተባለ፣ ሰው በሕይወት ሳለ ንብረቱን በአደራ የሚያስቀምጥበት ሰነድ ነበር፤ ትርጉሙም አብሮ ተያይዟል።

የልጅቱን ሐሳብ አልነቀፍሁም። በካሊፎርንያ ውርስ በፍርድ ቤት ሲጣራ የጠበቃው ክፍያ በሕግ የተተመነ ነው፤ ከንብረቱ ግምት በመጀመሪያው 100,000 ዶላር ላይ 4 በመቶ፣ በሚቀጥለው 100,000 ላይ 3 በመቶ እያለ ይሄዳል፤ የሟች ዕዳም ከግምቱ አይቀነስም። ስለዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ቤታቸውን በአደራው ስም ያዞራሉ፤ ራሳቸው አደራ ጠባቂ ሆነው ያስተዳድሩታል፤ ሲያሻቸው ይሽሩታል፤ ሲሞቱም ተተኪው አደራ ጠባቂ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ለተጠቃሚዎቹ ያስረክባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከአንቀጽ 516 ጀምሮ በስጦታ ወይም በኑዛዜ የሚቋቋም የአደራ ንብረት ያውቃል። ሆኖም ቤቱ ወደ አደራው ስም ካልዞረ ሰነዱ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በአደራ ስም የተመዘገበ የቤት ካርታ ደግሞ በሥራ ዘመኔ በእጄ ገብቶ አያውቅም። በዚህ ምክንያት በኑዛዜ ብንሄድ ይሻላል፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይጻፍ አልኋቸው።

እናት ፊታቸው ተለወጠ። «ስለ ምን ሁለት ይሆናል? ያለን አንድ ቤት ነው፤ ትዳሩም አንድ ነው» አሉ።

«ሕጉ አይፈቅድም፣ እናቴ» ብዬ መጽሐፉን ገለጥሁና አንቀጽ 858ን አሳየኋቸው፤ ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ማንበብ እንደማይችሉ አላወቅሁም ነበር። ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩና «ልጄ፣ እኔ የምፈራው ሕጉን አይደለም» አሉኝ።

ታዲያ ምን እንደሚፈሩ አልጠየቅኋቸውም። ችሎት ነበረብኝና ሰዓቴን አየሁ። ኑዛዜ የተናዛዡ የግል ሥራ እንደሆነ፣ በፈለገ ጊዜም ሊሽረው ስለሚችል የአንዱ ፈቃድ ከሌላው ጋር መታሰር እንደሌለበት አስረዳሁ። አባት አንድም ቃል አልወጣቸውም። «እንምከርበት» ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቻቸውን መጡ። ያመጡት ኑዛዜ ሌላ ቦታ የተጻፈ ነበር። ቀኑ ተሞልቷል፤ አራት ምስክሮች ፈርመውበታል፤ በፊታቸው መነበቡም ተጠቅሷል። የሚጀምረው ግን «እኛ ባልና ሚስት» ብሎ ነው፤ ቀድሞ የሚሞተው ሰው ድርሻ የቀረው በሕይወት እስካለ ድረስ እንዲኖርበት ይሁን ይላል። ከግርጌው የሁለቱ የአውራ ጣት አሻራ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሥርዓቱን ሁሉ ጠንቅቆ ያሟላ ጸሐፊ ያን አንድ አንቀጽ ዘልሎ ገንዘባቸውን መቀበሉ ዛሬም ያናድደኛል።

ሟች ከቀድሞ ትዳራቸው የወለዱት ልጅ ኑዛዜው ፈራሽ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። ኑዛዜ ከሌለ በሕጋችን ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ከጋራ ንብረቱ እኩሌታውን ትወስዳለች፤ የሟቹ እኩሌታ ግን ለልጆቹ ሁሉ እኩል ይከፈላል። ልጁ የጠየቀው ድርሻውን ነውና አልወቅሰውም። ቤቱ ተቆርሶ የሚከፈል ስላልነበረ ይሸጥና ገንዘቡ ይከፋፈል ተባለ።

ያን ጊዜ የፈሩት ምን እንደ ነበር በመጨረሻ ጠየቅኋቸው።

«ሁለት ወረቀት ከሆነ እሱ በራሱ ላይ ምን እንደሚያስጽፍ እኔ በምን አውቃለሁ? ማንበብ አልችልም። አንድ ላይ ከተጻፈ ግን የሚነበበውን ሁለታችንም እንሰማለን ብዬ ነው።»

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ካልተነበበ አይጸናም። ሁለቱ ኑዛዜዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ በእነዚያው አራት ምስክሮች ፊት ተራ በተራ ሲነበቡ ባልና ሚስቱ ተቀምጠው እንዳይሰሙ የሚከለክል ነገር አልነበረም። አባት የድርሻቸውን አላባ፣ ማለት በቤቱ የመጠቀም መብቱን፣ ለሚስታቸው ዕድሜ ልክ፣ ባለቤትነቱን ለልጆቻቸው ሊናዘዙ ይችሉ ነበር። ኋላ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ሊሽሩት መቻላቸውንም ሳልደብቅ መናገር ነበረብኝ። ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ምነው ያን ዕለት ሳትነግረኝ፣ ልጄ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት ሲመጡ ሁለቱንም ረቂቅ በአንድ ተቀምጦ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ፤ ችሎት ያለብኝ ቀንም ኑዛዜ አልቀጥርም።

እናት ወረቀቱን መልሰው በፌስታል ጠቀለሉት። እዚህ ይቅር፣ ከእንግዲህ አይጠቅምም ብላቸው የነጠላቸውን ጫፍ ዘርግተው ቋጠሩበት።

«የሱ ጣት አለበት» አሉኝ።