በአይጥ ገላ ላይ የበቀለ የሰው ዕጢ

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አንድ ዜና ላከችልኝ። የጡት ካንሰርን በአይጦች ላይ ድራሹን ያጠፋ መድኃኒት ተገኘ የሚል ነበር። ከሥሩ «ወንድም ዓለም፣ አንተ እዚያው አይደል የምትሠራው? ለእማዬ እንዴት ብለን እናግኘው?» ብላ ጽፋለች። አክስቴ ያን ጊዜ የቀዶ ሕክምና ቁስላቸው ድኖ ኬሞ ሊጀምሩ ነበር። እኔ የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ የሰው ዕጢ በአይጥ ላይ እየተተከለ የካንሰር መድኃኒት በሚሞከርበት ላቦራቶሪ ስለሆነ፣ ጥያቄዋ የመጣው ወደ ትክክለኛው ሰው ነው፤ ሆኖም በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልሆነ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ወደድኩ።

ጤነኛ አይጥ የሰውን ሥጋ በገላዋ ላይ አታበቅልም፤ በሽታ የመከላከል ሥርዓቷ ባዕድነቱን ለይቶ ያጠፋዋል። መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1962 በግላስጎው ከተማ፣ በሩኪል ሆስፒታል፣ ኖርማን ግሪስት የተባለ ተመራማሪ ጠጉር የሌላቸው አይጦች ተወልደው ባገኘ ጊዜ ነው። በ1968 እነዚህ አይጦች ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት የሚበስሉበት ታይመስ የተባለው አካል እንደሌላቸው ታወቀ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ሁለት የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች፣ ሩጋርድና ፖቭልሰን፣ ከታካሚ የተወሰደ የአንጀት ካንሰር በእነዚሁ አይጦች ላይ ማብቀል ቻሉ። ከዚያ ወዲህ መከላከያቸው ይበልጥ የተዳከመ ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ ዛሬ ከታካሚ በቀዶ ሕክምና የወጣ ቁራጭ ሥጋ በቀጥታ ይተከልባቸዋል።

እኔ በሳምንት ሁለት ቀን የምሠራው ልኬት ነው። መከላከያ የሌላት አይጥ በቀላል ጀርም ስለምትሞት፣ ጋውን፣ ጓንትና ማስክ ለብሼ፣ የተጣራ አየር ከሚነፍስበት መከለያ ሥር እቀመጣለሁ። አይጧን ከአንገቷ በላይ ባለው ልል ቆዳ ይዤ ከጎኗ ያለውን ዕጢ ካሊፐር በተባለው መለኪያ እለካለሁ። ክብደቷ 20 ግራም አካባቢ ነው፤ የልቧ ምት በጓንቱ ውስጥ ጣቴ ላይ ይሰማኛል። ሕክምናው ሲጀመር ዕጢው ከቆዳዋ ሥር እንደ ሽምብራ ይዳሰሳል። ርዝመቱን በስፋቱ ካሬ አባዝተን ለሁለት ስናካፍል መጠኑን በኪዩቢክ ሚሊ ሜትር እናገኛለን። ከዚያ ሚዛን ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ክብደቷ ከመነሻው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ከቀነሰ ሥቃይዋ እንዳይረዝም ከሙከራው ትወጣለች። ይህን ሥራ ስሠራ አንድም ቀን እንደ ዕቃ አይቻቸው አላውቅም።

አሁን የአክስቴ ልጅ እንድትረዳልኝ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። በእኛ ሠንጠረዥ ላይ «መድኃኒቱ ሠርቷል» የሚለው ቃል፣ ሐኪም ቤት ውስጥ ካለው ትርጉሙ የራቀ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ለረጅም ዘመን በተጠቀመበት መለኪያ፣ መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች ዕጢ፣ ካልተሰጣቸው አይጦች ዕጢ 42 በመቶውን ያህል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መድኃኒቱ እንደ ሠራ ይቆጠራል። ሁለቱም ቡድኖች በ150 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ጀመሩ እንበል። ያልታከሙት 1500 ሲደርሱ የታከሙት 600 ላይ ናቸው። 600 የ1500 አርባ በመቶ ነውና መድኃኒቱ ፈተናውን አልፏል። ነገር ግን የታከመችው አይጥ ዕጢ በአራት እጥፍ አድጓል! አራት እጥፍ ማለት በዲያሜትር ሲታሰብ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነው፤ በሐኪም ቤት መስፈርት ደግሞ የዕጢው ዲያሜትር በ20 በመቶ ሲጨምር «በሽታው እየገፋ ነው» ተብሎ መድኃኒቱ ይቀየራል። አንድ ዓይነት ውጤት ለአይጧ የምሥራች፣ ለታካሚዋ መርዶ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ዕጢው በእርግጥ ሟሽሾ እንደሆነ፣ ወይስ ዕድገቱ ብቻ ዘግይቶ እንደሆነ ነው።

ቀጥሎ የማየው የመድኃኒቱን ልክ ነው። ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው ኢሪኖቴካን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። መድኃኒቱ በገላ ውስጥ ወደ ብርቱው ቅርጹ የሚለወጠው በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ሲሆን፣ ይህ ኢንዛይም በአይጥ ደም ውስጥ ከሰው ደም እጅግ በበለጠ መጠን ይገኛል። አይጥ ደግሞ የብርቱውን ቅርጽ መርዛማነት ከሰው ይልቅ ትችላለች። ስለዚህ አይጧ ላይ ዕጢውን ያሟሸሸው መጠን በሰው ደም ውስጥ ሊደረስበት የማይችል ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ እርግጥ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቶ ዛሬም ይሰጣል፤ ግን አይጦቹ ያሳዩትን ያህል አልሆነም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች በአይጥም በሰውም የተሞከሩ 39 መድኃኒቶችን አነጻጽረው ነበር። በአይጥ ላይ በበቀለ በአንድ የካንሰር ዓይነት ላይ የሠራ መድኃኒት በሰው ላይ በዚያው የካንሰር ዓይነት ይሠራል ብሎ መተማመን እንደማይቻል አዩ። ከተሞከረባቸው የአይጥ ሞዴሎች፣ ማለትም በአይጥ ላይ ከበቀሉ ልዩ ልዩ ዕጢዎች፣ ቢያንስ በሲሶው ላይ የሠራ መድኃኒት ግን በአንዳንድ የሰው ካንሰሮች ላይ የመሥራት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። እኔም በአንድ ሞዴል ብቻ የተገኘ ውጤት ልቤን አይሞላውም። የራስን የመከላከያ ሥርዓት በመቀስቀስ የሚሠሩት አዳዲስ መድኃኒቶችማ መከላከያ በሌላት አይጥ ላይ ጭራሽ አይፈተኑም፤ ቢያንስ የሰው የመከላከያ ሕዋሳት ሊሰጧት ይገባል።

ይህን ሁሉ ስነግራት የአክስቴ ልጅ ዝም አለች፤ ከዚያም «ታዲያ ከአይጥ አልፎ ለሰው የደረሰ የለም?» አለችኝ። አለ እንጂ! ትራስቱዙማብ የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት አለ፤ የተሠራው ከፀረ እንግዳ አካል ነው። ኸር 2 የተባለው ፕሮቲን የበዛባቸው የሰው የጡት ዕጢዎች ጠጉር አልባ አይጦች ላይ ተተክለው ሲሞከር፣ ይህ መድኃኒት ዕድገታቸውን ገታ፤ ፓክሊታክሰል ከተባለው የኬሞ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ደግሞ ውጤቱ በረታ። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ለታካሚዎች ተፈቀደ፣ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የሚሠራው ግን ኸር 2 ለበዛባቸው ብቻ ነው፤ እነርሱም ከመቶ የጡት ካንሰር ታካሚዎች ከ15 እስከ 20 ያህሉ ናቸው።

የአክስቴን የፓቶሎጂ ወረቀት፣ ማለትም የዕጢውን ናሙና የምርመራ ውጤት፣ ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ለመንኳት። ላከችው። ዕጢው ለኢስትሮጅንና ለፕሮጀስትሮን ሆርሞኖች ተቀባይ እንዳለው የሚመረመርባቸው ሁለቱ መስመሮች ተሞልተዋል፤ በኸር 2 ትይዩ የተጻፈው «አልተሠራም» የሚል ነው። ከዕጢው የተወሰደው ናሙና በሰም ተከድኖ እንደሚቀመጥና ምርመራው ከዚያው ሊሠራ እንደሚችል፣ ኬሞው ሳይገፋም የእናቷን ሐኪም እንድትጠይቅ ነገርኳት። ሐኪሙ ተስማምተዋል፤ ናሙናውን አስወጥታ ወደሚመረምሩት ዘንድ ለመውሰድ ማክሰኞ ትሄዳለች።