ድሬዳዋ፦ ጣሳ ሙሉ ጥርስ

ድሬ የሄድኩት ለሠርግ ነው። ሠርጉ ሲያልቅ ግን ለመመለስ አልቸኮልኩም። የድሮ እንስሳት አጥንት ነገር እንደሚስበኝ የአክስቴ ልጅ ያውቃል። ባጃጅ ውስጥ ከቶ ከዚራ ሰፈር አንድ የባቡር ጡረተኛ ቤት ወሰደኝ።

ጋሼ ከጎርፍ በኋላ የደቻቱን ወንዝ ተከትለው ይሄዳሉ። ያገኙትን አጥንት በወተት ዱቄት ጣሳ ያጠራቅማሉ። የሚጠጣ ሆጃ ቀረበልን፣ ጣሳው ጋዜጣ ላይ ተዘረገፈ።

«አቦ፣ የአንበሳው የቱ ነው?» አሉኝ።

አንበሳ የለበትም። የአንበሳ የኋላ ጥርስ ሥጋ የሚቆርጠው እንደ መቀስ ነው፤ ጠፍጣፋ ማኘኪያ የለውም። እነዚህ ግን አብዛኞቹ ጠፍጣፋ፣ ሣር የፈጫቸው ናቸው። ትልቁን መንጋጋ ጥርስ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። የላም ቢሆን ኢናሜሉ (ጠንካራው የጥርስ ሽፋን) ግማሽ ጨረቃ እየሠራ ይሰለፍ ነበር። ይሄኛው ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አህያ! ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ።

የላይኛው አፍ ጫፍ ከተገኘ ሥራው ይቀላል። ላም፣ በግና ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የላቸውም፤ አህያ አላት። ግመል ደግሞ ከላይ ክራንቻ ያወጣል። በግና ፍየልን በጥርስ መለየት ግን ባለሙያንም ያጨቃጭቃል። መማር የፈለገ ሰው መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ቄራ ጀርባ ቢዞር ይሻለዋል።

«ጠቁሯል እኮ፣ ጥንታዊ ነው» አሉ። ጥቁረት አይታመንም፤ ጭቃ ውስጥ የከረመ የትናንት አጥንትም ይጠቁራል። መርፌ አግለን ነካነው። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ውስጡ ያለው ፕሮቲን ገና አልጠፋም ማለት ነው።

ከጣሳው ሥር የወጣው ግን ዝም አሰኘኝ። ረዥም ጥርስ ነው፤ ቀጫጭን ዓምዶች ተጣብቀው የሠሩት። የተበላው ገጹ ላይ ኢናሜሉ ክብ ክብ ሆኖ ተደርድሯል። የከርከሮ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ! መርፌው ምንም አላሸተተም፤ ክብደቱም የድንጋይ ነው።

ከርከሮን አትናቁ። በምሥራቅ አፍሪካ የአሳማ ዘሮች የኋላ ጥርስ በዘመናት ውስጥ እየረዘመ ስለሄደ የተገኘበት አፈር ዕድሜ ይነገርበታል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቱርካና ሐይቅ አጠገብ ያለ አንድ የእሳተ ገሞራ አመድ 2.6 ሚሊዮን ዓመቱ ነው ተብሎ ነበር። የአካባቢው የአሳማ ጥርሶች ከእኛው ኦሞ ሸለቆ ጥርሶች ጋር ሲነጻጸሩ ግን የአመዱ ዕድሜ ወደ 2 ሚሊዮን ተጠጋ። በኋላ የአመዱ ምርመራም ለአሳማዎቹ ፈረደ።

«የት አገኙት?»

«ደቻቱ ነው አልኩህ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጎርፍ ያመጣው ጥርስ ከየትኛው አፈር እንደተነቀለ ማን ይናገራል? ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ የመቼ እንደሆነ ግን ከዚያች ጥርስ ብቻ አይወጣም።

በማግስቱ ከከተማው በስተደቡብ፣ ከደቻቱ በላይ ወዳለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ወጣሁ። ፀሐዩ አይቻልም። በ1933 (እ.ኤ.አ.) የቅድመ ታሪክ ተመራማሪዎቹ አቤ ብሩይና ፖል ቬርነርት የቆፈሩት ነው፤ የሰው የታችኛ መንጋጋ ቁራጭም ያኔ ተገኝቶበታል። ያ ቁራጭ ዋጋ ያገኘው ከየት እንደወጣ ስለታወቀ ነው። ዋሻው ስሙን ያገኘው ከጃርት ነው፤ «ፖርክ ኤፒክ» በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ጃርት አጥንት እየሰበሰበ ዋሻ ውስጥ ያከማቻል፣ በፊት ጥርሱም ይፍቀዋል። ጋሼ «የሰው ቢላዋ ነው» ያሉኝ ጎን ለጎን የወረደ ሰፊ ጭረት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

ማታ ተመልሼ ስለ ቅርስ ጥበቃ አዋጁ፣ ስለ ቁጥር 209/1992፣ ለጋሼ ነገርኳቸው። በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት። ከርከሮውን በጥጥ ጠቀለልን። የትኛው መታጠፊያ ላይ፣ ከየትኛው ጎርፍ በኋላ እንዳገኙት ጋሼ ራሳቸው በወረቀት ጻፉ።

«እሺ፣ ይሄን አስረክባለሁ» አሉ። «አህያዋን ግን ማንም አይነካብኝም።»